ቁልቁለትና አውቶማቲክ ማርሽ፦ ሞተር ፍሬን የሚሆነው እንዴት ነው?

ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ የመኪናውን መስኮት ዝቅ ቢያደርግ፣ ገና ወንዙ ዘንድ ሳይደርስ የተቃጠለ ነገር ሊሸተው ይችላል። ሽታው የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከፊት ያለው የጭነት መኪናም ሆነ ከኋላ የሚከተለው የቤት አውቶሞቢል ይህን ሁሉ ከፍታ በፍሬን ብቻ ሊወርደው የሞከረ እንደሆነ ሽታውን መሸሸግ አይችልም።

በማንዋል መኪና የሠለጠኑ የቀድሞ ሹፌሮች ለዚህ ችግር መልስ ነበራቸው፤ ቁልቁለት የሚያዘው በማርሽ ነው ይሉ ነበር። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው፣ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው አንሥተው፣ ሞተሩ እያጓራ ይወርዱ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር ከሚኖረው አንባቢያችን አብዛኛው የሚያሽከረክረው ግን ፍሪሲዮን የሌለውን አውቶማቲክ መኪና ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአውቶማቲክ ብቻ የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ 78 የሚል ኮድ ይሰፍርበታል፤ ማንዋል እንዳይነዳ ነው። ይህ ሰው ለዕረፍት አገር ቤት ገብቶ፣ አውቶማቲክ መኪና ተከራይቶ፣ ቤተሰቡን አሳፍሮ ወደ ባሕር ዳር ቢያመራ፣ ቁልቁለቱን የሚጀምረው ማርሹ «ዲ» ላይ እንዳለ ነው። ከ«ዲ» በታች ያሉት ፊደላት ለምን እንደተቀመጡ የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል።

ከፍታ ወደ ሙቀት ሲለወጥ

የሒሳቡ መነሻ ቀላል ነው። ተሳፋሪና ሻንጣ ጨምሮ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 20 ሜጋ ጁል የሚጠጋ እምቅ ኃይል ይለቃል። ይህ ኃይል 58 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። መኪናው ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ላይ ሳለ ከነበረው ካልጨመረ፣ ያ ኃይል ሁሉ በመንገድ ላይ ሌላ መልክ ይዟል ማለት ነው፤ መልኩም በመጨረሻ ሙቀት ነው። ሙቀቱ የት ይደር የሚለው ምርጫ ግን የአሽከርካሪው ነው።

በጊዜ ስንለካው ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ይኸው መኪና በ20 ኪሎ ዋት ኃይል ወደ ታች ይገፋል። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚፈጅ ስለሆነ፣ አምስት ወይም ስድስት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደመለኮስ ያለ ነው። ከዚህ ውስጥ የአየር ግጭትና የጎማው መንከባለል በግምት 6 ኪሎ ዋት ይወስዳሉ። የቀረውን 14 ኪሎ ዋት ፍሬኑ ወይም ሞተሩ መሸከም አለበት።

ፍሬኑ ብቻውን ተሸከመው እንበል። አራቱ ዲስኮች በአንድነት 30 ኪሎ ግራም ብረት ቢሆኑና ወደ አየር ምንም ሙቀት ባይለቁ፣ 1,000 ሜትር ወርደው ሲጨርሱ የሙቀታቸው መጠን ከ900 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። እርግጥ ነፋስ ስለሚያቀዘቅዛቸው እዚያ አይደርሱም። ነገር ግን ፍሬን ያለማቋረጥ ተረግጦ ሲቆይ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም፤ አደጋውም በሁለት መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው በሸራው በኩል ነው። የፍሬን ሸራ በማጣበቂያ ሙጫ የተያያዘ የልዩ ልዩ ቁሳቁስ ድብልቅ በመሆኑ፣ ከልክ በላይ ሲግል ሙጫው ጋዝ ይለቃል፤ በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለው ሰበቃም ይቀንሳል። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ነው፤ አሽከርካሪው በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይሰማም።

ሁለተኛው የከፋ ነው፤ በፍሬን ዘይት በኩል ይመጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። ይሁንና ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ ለጥቂት ዓመታት ሳይቀየር ከቆየና ውኃ ከጠጣ በኋላ ከ140 ዲግሪ ጀምሮ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሠራል። ፈሳሽ በግፊት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ የእግራችን ጉልበት ወደ ጎማው መድረሱ ቀርቶ የእንፋሎቱን አረፋ ይጨምቃል፣ ፔዳሉም ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። በተለምዶ «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት አደጋዎች በአንዳንዶቹ የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የሆነው ዘይት መፍላቱ ነው። ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ መሥራቱም ከአደጋ በኋላ የሚደረገውን ምርመራ አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ሞተር እንዴት ይጎትታል?

ብዙ ሰው ሞተር መኪናን የሚይዘው አየር በመጭመቅ ነው ብሎ ያስባል። በቤንዚን ሞተር ይህ አባባል ከግማሽ በታች እውነት ነው። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ ጉልበት ይወስዳል፤ ነገር ግን የተጨመቀው አየር ወዲያው እንደ ስፕሪንግ መልሶ ይገፋውና አብዛኛውን ጉልበት ይመልሳል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሣ ትሮትል የሚባለው የአየር በር ይዘጋል። ፒስተኖቹ ግን በጎማው ኃይል እየተገፉ መውረድ አያቆሙም፤ የሚስቡት አየር የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ በመግቢያው በኩል ብርቱ የአየር እጥረት ይፈጠራል። አፉ በጣት የተደፈነ መርፌ ለመሳብ የሞከረ ሰው ያንን እምቢታ ያውቀዋል። በዚህ ላይ የፒስተኖቹ፣ የኩሽኔታዎቹና የዘይት ፓምፑ ሰበቃ ይጨመራል። የተፈጠረው ሙቀትም ወደ ሞተሩ ውኃና ዘይት ገብቶ በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ራዲያተር ሙቀትን ቀኑን ሙሉ እንዲያስወግድ የተሠራ ነው፤ የፍሬን ዲስክ ግን ለአጭር ጊዜ ሥራ ነው የተሠራው።

(እግረ መንገዳችንን፦ የአየር እጥረቱ ጉልበት የሚመጣው ከውጭው የአየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ሞተር ጂዳ ላይ የሚይዘውን ያህል እንጦጦ ላይ አይዝም። ከፍ ባልን ቁጥር ዝቅ ያለ ማርሽ የምንፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።)

የሞተሩ እምቢታ ከዙሩ ብዛት ጋር ይጨምራል። በግምታዊ ስሌት ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር 4 ኪሎ ዋት ያህል ይውጣል፤ በ3,500 ዙር ግን ወደ 10 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ቀደም ሲል ፍሬኑ ላይ የጣልነውን 14 ኪሎ ዋት እናስታውስ። መኪናው በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን በዝግታ እያዞረ ቢወርድ ለፍሬኑ 10 ኪሎ ዋት ይቀራል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ቢወርድ 4 ብቻ ይቀራል። ፍጥነቱ ያው 60 ነው፤ መንገዱም ያው ነው። ልዩነቱ የማርሹ ብቻ ነው።

ነዳጅን በተመለከተ አንድ የቆየ ልማድ እዚህ ላይ መነሣት ይኖርበታል፤ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መንሸራተት። በካርቡሬተር ዘመን ጥቂት ቤንዚን ያተርፍ ይሆናል። የዛሬው ሞተር ግን በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ኮምፒውተሩ የነዳጁን መርጨት ፈጽሞ ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸውና። ፍሪ የተደረገ ሞተር ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። እንግዲህ ፍሪ ያደረገ ሰው ነዳጅ እየከፈለ የሞተሩን ፍሬን ይጥላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ቁልቁለትን ፍሪ አድርጎ መውረድ በሕግ የተከለከለ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ የፍሬኑና የመሪው እገዛ ይጠፋል፣ መሪውም ሊቆለፍ ይችላል።

አውቶማቲኩ የሚያስበው

አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚመርጠው በዋናነት ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ የመኪናውን ፍጥነትና የነዳጅ መስጫውን አረጋገጥ። ፍጥነቱ ከፍ ብሎ እግር ከተነሣ፣ «ሥራ የለም፣ ሞተሩ ይረፍ» ብሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይወጣል። ሜዳ ላይ ይህ ትክክል ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ቁልቁለት ላይ ግን እኛ ከምንፈልገው ተቃራኒውን ማድረጉ ነው። አዳዲስ መኪኖች ቁልቁለትን በሴንሰር እያወቁ በራሳቸው ማርሽ ይቀንሳሉ፤ ፍሬን ነካ ሲደረግ አንድ ማርሽ የሚወርዱም አሉ። ቢሆንም ከፊት ያለው ቁልቁለት 2 ኪሎ ሜትር ይሁን 20 መኪናው አያውቅም፤ የሚያውቀው አሽከርካሪው ነው።

በቀድሞዎቹ ባለ ሦስትና ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ውስጥ ደግሞ ሌላ ምሥጢር ነበር። ብዙዎቹ «ዲ» ላይ ሆነው አንደኛ ማርሽ ሲገቡ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች ነው። የብስክሌት የኋላ ጎማን የመሰለ ነው፤ ፔዳል ስንመታ ይይዛል፣ መምታት ስናቆም ይለቃል። ስለዚህ መኪናው አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖም ሞተሩ አይጎትተውም፤ እንደ ፍሪ ይንሸራተታል። ማርሹን «ኤል» ወይም «1» ላይ ስናደርግ ግን ተጨማሪ ማሰሪያ ገብቶ በሁለቱም አቅጣጫ ይይዛል። «ኤል» አንደኛ ማርሽ ላይ ከመቆየት የበለጠ ትርጉም ያገኘው በዚህ ነው። አሮጌ አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የፊደላቱ ነገር ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይገባል፤ ጠቅላላው ሐሳብ ግን እንዲህ ነው። «3»፣ «2» እና «ኤል» የተጻፈባቸው ማርሹ ከዚያ ቁጥር በላይ እንዳይወጣ ይገድባሉ። እጀታው ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል ቁልፍ ካለ፣ ሲጫኑት የመጨረሻው ከፍተኛ ማርሽ ይዘጋል፤ ለመለስተኛ ቁልቁለት ይበቃል። «ኤም» የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይዞ ካለ፣ ወይም ከመሪው ጀርባ ሁለት ምላሶች ካሉ፣ የመቀነሱን አንድ ጊዜ መጫን አንድ ማርሽ ያወርዳል። ማርሽ የሌላቸው ሲቪቲ የሚባሉት መኪኖችም «ኤል»፣ «ኤስ» ወይም «ቢ» ይኖራቸዋል፤ ሥራቸው ቀበቶው ሞተሩን በከፍተኛ ዙር እንዲይዘው ማድረግ ነው። በቶዮታ ፕሪየስ ላይ ያለው «ቢ»ም ለዚሁ ለረጅም ቁልቁለት የተቀመጠ ነው፤ በዕለት ተዕለት ጉዞ ባትሪ ይበልጥ ይሞላል ብለው የሚጠቀሙበት ሰዎች ተሳስተዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜው ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነትን ዝቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ ማርሹን። መኪናው ከፈጠነ በኋላ «ኤል» ለማስገባት የሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል፤ ወይ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ትእዛዙን እምቢ ይለዋል፣ ወይ በአሮጌው መኪና ላይ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞራል። አንድ ማርሽ ቀንሶ፣ ጠብቆ፣ ካልበቃ ሌላ መጨመር ነው። ዙር ቆጣሪው 3,000 ወይም 4,000 ሲያሳይና ሞተሩ ሲጮህ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ከቀዩ መሥመር በታች እስከሆነ ድረስ ሞተሩ ምንም አይሆንም፤ ነዳጅ ሳያቃጥል መዞሩ ከዳገት ይልቅ ይቀለዋል። ትክክለኛው ማርሽ የትኛው ነው ለሚለው የቆየው መለኪያ አሁንም ይሠራል፤ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ነው፣ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ያለው።

ፍሬኑ ሥራ አይፈታም። አሜሪካ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚያስተምረው መመሪያ ጥሩ ዘዴ አለው፤ ፍጥነቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 5 ማይል፣ ማለትም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ ፈጽሞ መልቀቅ፣ እንደገና ሲደርስ መድገም። እግርን ፍሬኑ ላይ በስሱ አሳርፎ ረጅም መንገድ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ዲስኩ የመቀዝቀዣ ፋታ የማያገኘው ግን በዚያ ነው።

በኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ በተግባር የሚያዩበት ቦታ አላቸው። ከፍታው 4,302 ሜትር ከሆነው የፓይክስ ፒክ ተራራ ሲወርዱ፣ ግሌን ኮቭ ከሚባለው ቦታ የመንገዱ ጠባቂዎች እያንዳንዱን መኪና አስቁመው የፍሬኑን ሙቀት በመሣሪያ ይለካሉ፤ የጋለበት ሰው መኪናውን አቁሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። በኦማን ደግሞ ወደ ጀበል አኽደር የሚወጣው መንገድ መግቢያ ላይ ፖሊስ ቆሞ አራቱም ጎማ የማይነዳውን መኪና ይመልሳል።

ለማመዛዘን ያህል ተቃራኒውንም መናገር ይገባል። በከተማ ውስጥ ለትራፊክ መብራት ሁሉ ማርሽ መቀነስ ጥቅም የለውም፤ የፍሬን ሸራ ርካሽ ነው፣ ካምቢዮ ውድ ነው የሚሉት መካኒኮች እዚህ ላይ ልክ ናቸው። በበረዶ ወይም በጭቃ ላይ በድንገት ብዙ ማርሽ መቀነስም የሚነዱትን ጎማዎች ሊያንሸራትት ይችላል፤ አንድ በአንድ ነው። ሌላው የሚዘነጋ ነገር፣ በሞተር ስንይዝ የፍሬን መብራት አይበራም። ከኋላ የተጠጋን መኪና ካለ ፔዳሉን ለአፍታ ነካ አድርጎ ማስጠንቀቅ ጨዋነት ነው።

ናፍጣ፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ

ናፍጣ ሞተር በአብዛኛው ያ የአየር በር የለውም። አየሩ እንደልቡ ስለሚገባ የአየር እጥረት አይፈጠርም፤ የተጨመቀውም አየር እንደ ስፕሪንግ ይመልሳል። ስለዚህ ከባዱ መኪና ከሁሉ አብልጦ መያዝ ሲገባው ሞተሩ በባሕርይው ደካማ ፍሬን ነው። ይህን አሜሪካዊው የናፍጣ ሞተር ሠሪ ክሌሲ ከሚንስ በራሱ ላይ አይቶታል። በ1931 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በራሱ ሞተር በሚሠራ የጭነት መኪና አሜሪካን ሲያቋርጥ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን ፓስ ከሚባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው፤ ታች መንገዱን ከሚያቋርጥ የጭነት ባቡር ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈ። ከዓመታት በኋላ መፍትሔውን አገኘ። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ላይ ሲደርስ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ በቅጽበት መክፈት! ስፕሪንጉ መልሶ ሳይገፋ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የጄኮብስ ኩባንያ በ1961 ማምረት የጀመረው ይህ መሣሪያ «ጄክ ብሬክ» ተብሎ ዛሬም በከባድ መኪኖች ላይ ይሠራል። ድምፁ እንደ መትረየስ ስለሆነ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች መግቢያ ላይ በሞተር ፍሬን መጠቀም ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ይተከላል። ሰሌዳው የሚመለከተው ይህን የከባድ መኪና ጩኸት እንጂ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በጸጥታ የሚወርደውን የቤት መኪና አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2024 (እንደ ጎርጎርዮስ) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ጥያቄው መልኩን ቀይሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ያን 14 ኪሎ ዋት አብዛኛውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ከሙቀት ይልቅ ኪሎ ሜትር ያተርፋል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ባትሪው መቶ በመቶ የሞላ ከሆነ ኃይሉን የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው መኪናው ይህን ፍሬን ይቀንሰዋል፤ ሸክሙ ወደ ዲስኮቹ ይመለሳል። ቤቱ ከፍታ ላይ ያለ፣ ማታ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል የሚወርድ ሰው ባትሪውን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሽታው ከመጣ፣ ወይም ፔዳሉ መለስለስ ከጀመረ፣ ማርሹን በየደረጃው መቀነስና በመጀመሪያው አስተማማኝ ሜዳ ላይ መቆም ነው። ፔዳሉ ፈጽሞ ከሰመጠ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ ጥቂት ግፊት ሊመልስ ይችላል፤ የእጅ ፍሬኑም በዝግታ ይሳባል። ከቆሙ በኋላ በጋለው ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት አይገባም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጎ፣ ከጎማው በታች ድንጋይ ወሽቆ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። የፍሬን ዘይቱም ከተማ እንደተደረሰ ይቀየር፤ አንድ ጊዜ የፈላ ዘይት ሲቀዘቅዝ ደኅና ቢመስልም የጠጣው ውኃ ውስጡ ነው።